ጎህ ሲቀድ ያንኳኳንበት በር

ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

የጠዋት የእንጨት ቆጠራ፦ ቋሚ 140፣ ወራጅ 85፣ አጣና 310፣ ማገር 28 እስር። ሁለት ቋሚ ተሰንጥቆ አገኘሁ፤ ለማገዶ ይለይ። ሌሊቱን ሙሉ ስለዘነበ የታችኛው ክምር ውሃ ጠጥቷል። ነገ ይገለበጣል።

የለገጣፎው ሰውዬ ደወለ። ሊያከራየኝ የሚፈልገው ቦታ ሰፊ ነው፤ አይሱዙ ገብቶ፣ ዞሮ ይወጣል። እዚህ የካ ግን መኪናው አስፋልት ላይ ይቆምና እንጨቱ በሰው ትከሻ ነው ወደ ግቢዬ የሚገባው። በሐምሌ እወስናለሁ አልኩት። ልጄ ፊልሞናም አላረፈችም። "እማዬ፣ እዚያ ሰፈር አሁን ማን ቀረሽ?" ትለኛለች። ነጋዴ ሆኜ ሳስበው ልክ ናት።

ቤቴንና የእንጨት ግቢዬን የሚለያቸው አንድ አጥር ነው። ክምሩን በመስኮት እያየሁ ነው የምተኛው። ዛሬ ከመግባቴ በፊት ዳገቱ ጫፍ እትዬ ወርቄ ዘንድ ጎራ አልኩ፤ መንገዴ ስለሆነ። ከጓሯቸው በላይ ያለው አፈር እየተናደ ነው። ድሮ ያ ተረተር ሙሉ ባህር ዛፍ ነበር፤ ሥሩ አፈሩን ጨብጦ ይዞት ነበር። አምና ሳየው ሁለት ክረምት ቢችል ነው ብዬ ነበር። ይሄኛው ሁለተኛው ነው።

ሰኔ 22፣ እሁድ

የእድር ስብሰባ። ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ከኮተቤ በሚኒባስ ስመጣ አርፍጃለሁ ብዬ ሰግቼ ነበር። ለመጀመር የሚበቃ ሰው ገና አልመጣም ነበር። በቴሌግራም ግሩፑ "እገኛለሁ" ያለው ሁሉ ቢመጣ አዳራሹ አይበቃም ነበር፤ የመጣነው አሥራ አንድ ነን።

ጸሐፊያችን ነአምን ተነሥቶ ተናገረ። ባንክ ይሠራል፤ ወደ ሰፈራችን የመጣ በቅርቡ ነው፤ ቅን ልጅ ነው። "ኮሚዩኒቲ ማለት ለቀብር ብቻ የሚገናኝ ሰው ማለት አይደለም" አለ። "እትዬ ወርቄ ብቻቸውን ናቸው። አፈሩ ቤታቸው ላይ ሊወርድ ነው። እኛ ካልደገፍነው ማን ይደግፈዋል?"

አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ደንባችን ላይ ሞት አለ፤ ሕመምም አለ። ግድግዳ የለም" አሉ።

"ግድግዳው ከወደቀባቸውስ?" አልኩ።

"ያኔማ በደንቡ ይሸፈናል።"

ሳቅን። ከዚያ ሁሉም የሚያየው ነገር መሬት ላይ አገኘ።

ጋሽ ከበበ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው፤ ነበሩ ልበል። ድሮ ሰው ሲሞት ሌሊት ተነሥተው ከመንደር መንደር እየዞሩ ሲነፉ፣ ገና ከአልጋው ያልወረደ ሕፃን እንኳ ይነቃ ነበር። አሁን ነአምን ስልኩ ላይ ይጽፈዋል፤ ሰዉም የሚያለቅስ ፊት ይልካል። "እኔን ጡረታ ያወጣኝ ያ ስልክ ነው" አሉ ጋሽ ከበበ። "ለነገሩ እሱ ሳንባ አያልቅበትም።"

ሰኔ 29፣ እሁድ

ዝናብ። ለአንድ ፎቅ ሠሪ 60 አጣና ወጣ። ለገጣፎ ልሄድ አስቤ ቀረሁ። መንገዱ ጭቃ ነው።

ሐምሌ 6፣ እሁድ

ፊልሞና እንጦጦ ፓርክ ወሰደችኝ። ቆንጆ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ወንበሩም ይመቻል። ልጅ ሆኜ በዚያው ተራራ ቅጠልና ጭራሮ ልንሰበስብ ስንወጣ የምንቀመጥበት ድንጋይ የት እንደደረሰ ፈለግሁ፤ አጣሁት። ያኔ ቁልቁል ስንወርድ የእኔ ሸክም ሲያጋድል ከኋላ ደርሰው የሚያስተካክሉልኝ እትዬ ወርቄ ነበሩ። ገና ያላገቡ፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ የሚያፏጩ። ሴት ልጅ አታፏጭም ሲሏቸው "ሸክሜ እኮ ነው የሚያፏጨው" ይሉ ነበር።

ከላይ ሆኜ ከተማውን ሳይ ዓይኔ ወደ የካ ዳገት ሄደ፤ አንዲት የዛገች ቆርቆሮ ፈለገ። በዚህ ሁሉ ጣሪያ መሐል አትታይም። የት እንዳለች ግን አወቅሁ።

"እማዬ፣ ምን ታያለሽ?" አለች ፊልሞና።

"ገበያ" አልኳት።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ዛሬ እትዬ ወርቄን፣ ክረምቱ እስኪወጣ እኔ ቤት ይሁኑ ብዬ ለመንኳቸው። ከጓሮው በኩል የገባው ውሃ እስከ አልጋቸው እግር ደርሷል።

"ሕሩይ ቢመጣ የት ሊያንኳኳ ነው?" አሉኝ።

"እኔ ቤት እንዳሉ ሰው ይነግረዋል።"

"የቱ ሰው? ይሄ አዲሱ ሁሉ? እኔን በስሜ የሚያውቀኝ ስንት ነው፣ አስቱ?"

መጥረጊያ አንሥቼ ውሃውን ወደ ደጅ ገፋሁላቸው።

ሕሩይ አንድ ልጃቸው ነው። አባቱ የሞቱ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ነበር። እድሩ መከረበት፤ እትዬ ወርቄም ተስማሙ፤ ፈተናውን ሳይጨርስ መርዶው አይነገረው ተባለ። ነውር አልነበረም፤ ሁልጊዜም የምናደርገው ነው። ይነገር በተባለ ቀን ደግሞ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን፣ ነጠላና ጋቢያችንን አጣፍተን፣ ዝም ብለን ሄደን እናንኳኳለን። ያ ቀን እስኪደርስ ልጁ በደወለ ቁጥር እናቱ "አባትህን ትንሽ አሟቸው ነበር፤ አሁን ተኝተዋል" ይሉት ነበር። ፈተናውን ጨርሶ ሳይጠበቅ በራሱ ጊዜ ከች አለ። ድንኳኑ ተነቅሏል፤ የመቃብሩ አፈር ደርቋል። አላለቀሰም። ግቢው መሐል ቆሞ በየተራ አየንና፣ "ሁላችሁም ታውቁ ነበር?" አለ።

ከዚያ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጣ። መጀመሪያ ይደውል ነበር። ድምፁ ከጠፋ ይህ ሦስተኛ ክረምት ነው። እትዬ ወርቄ የውጭውን በር መቀርቀሪያ ማታ ማታ አይወረውሩትም።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ኮተቤ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የነአምን እህት ፌበን እትዬ ወርቄን ልታስደስት ብላ አንድ ነገር ሠራች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባለቤታቸውን ፎቶ በስልኳ አንሥታ፣ በሆነ ፕሮግራም አስገብታ፣ ሰውዬው ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት እንዲያደርጉና ፈገግ እንዲሉ አደረገች። እኔም አየሁት። ደነገጥኩ።

እትዬ ወርቄ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት። "አጥፊው፣ የኔ ልጅ። እሱ እንዲህ አይስቅም ነበር።" ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "ስልካችሁ ሙት ያስቃል ማለት ነው?" አሏት። ፌበን አለቀሰች። ልጅቷ ምንም ክፋት የላትም።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ጥድፊያ ላይ ነኝ። ነአምን ሰው አሰባሰበ፤ አሥራ አራት ፈቃደኛ። ቅዳሜ 26፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ቢሮ የሚገቡ ስላሉ፣ ዝናቡም ከሰዓት ስለሚመጣ። እንጨቱን እኔ። ድንጋይ ከወንዙ። ለእትዬ ወርቄ አይነገር ተባለ፤ ከሰሙ ለዚህ ሁሉ ሰው ምሳ ካልሠራሁ ይላሉ። ልክ ነው አልኩ። ልክ መስሎኝ ነበር።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ ማታ

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተሉ ልጻፈው።

ጎህ ሲቀድ ዳገቱን ወጣን። ብርድ ስለነበር ወንዶቹ ጋቢ፣ ሴቶቹ ነጠላ። አካፋውና ዶማው ታች ከእንጨቱ ጋር ቀርቷል፤ መጀመሪያ ጓሮውን አይተን እንውረድና እንሸከም ተባብለናል። እንዳይደነግጡ ብለን ቀስ ብለን ነው የሄድነው፤ ሳንነጋገር። አሁን ስጽፈው ወለል ብሎ ይታየኛል። ያኔ ግን ከአሥራ አራታችን ለአንዱም አልታየውም። አዲሶቹ አያውቁም ልበል። እኔስ?

ነአምን አንኳኳ። እትዬ ወርቄ ከፈቱ። ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። ጋቢውን አዩ፣ ነጠላውን አዩ፣ ባዶ እጃችንን አዩ።

"ለእኔም መጣችሁ" አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት።

ከዚያ ጮኹ።

"ለግድግዳው ነው! እትዬ ወርቄ፣ ለግድግዳው ነው የመጣነው!" ነአምን ይላል። ማን ይሰማዋል። መሬት ላይ ወድቀው ሕሩይን በስሙ ይጠራሉ። ደግፌ ላነሣቸው ስል እጄን መቱት።

ጩኸቱ ታች ጋሽ ከበበ ዘንድ ደረሰ። ሰውዬው ማንንም አልጠየቁም። ጡሩምባቸውን ከሚስማሩ ላይ አውርደው ወጡ። ያን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው፤ ዳገቱን ሞላው፤ ውሻው ሁሉ አብሮ ጮኸ። ያን ጊዜ ሰፈሩ ወጣ። የድንኳን ኃላፊዎች ድንኳኑን ተሸክመው መጡ። አግዳሚው መጣ። ትልቁ ድስት መጣ። ለስብሰባ የጠፋ ሰው፣ ለሥራ የጠፋ ሰው፣ ለሌለ ሞት ግቢውን ሞልቶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ስማቸውን የማላውቃቸው፣ ለቢሮ ሸሚዝ የለበሱ ሰዎች ጫማቸውን ጭቃ አስበልተው መጡ። ልክ እንደ ድሮው ነበር። እትዬ ወርቄ እግሬ ሥር እየጮኹ፣ እኔ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ጽፌዋለሁ።

የሞተ እንደሌለ ሲታወቅ አንዱ "እንግዲያማ እንሂድ" አለ።

"ማንም አይሄድም" አልኩ። "ድንኳን የተሸከመ ትከሻ ቋሚም ይሸከማል።"

"እትዬ አስቴር፣ እኔ እኮ ለልቅሶ ነው የመጣሁት" አለኝ አንድ ጎረምሳ።

"አልቅስና ተሸከም።"

ሳቅ ሆነ፤ ከዚያ ሥራ ሆነ። ከቀትር በፊት ቋሚው ተተከለ፣ ድንጋዩ ተደረደረ፣ የውሃው መሄጃ ተቆፈረ። ለለገጣፎ ለይቼ ያስቀመጥኩትን ወፍራሙን ቋሚ ነው ያወጣሁት፤ ሌላው እርጥብ ስለሆነ። ጋሽ ከበበ ጡሩምባቸውን ታቅፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። "ተሳሳትኩ እንዴ?" አሉኝ። "አይ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ግድግዳው ቆመ። እትዬ ወርቄ ግን እቤት ውስጥ መሬት ላይ ናቸው፤ ጥቁር ለብሰዋል።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

አያምኑንም። በተራ ገባን፣ በተራ ማልን። ሕሩይ አልሞተም፤ የሰማነው ነገር የለም አልን። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና እንዲህ አሉኝ፤

"ይሄን አነጋገር አውቀዋለሁ፣ አስቱ። 'ተኝተዋል' እያልኩ ልጄን ያናገርኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ እኔን እስከ መቼ ነው የምትደብቁኝ? ፍልሰታ እስኪፈታ?"

የንስሐ አባታቸው ተጠርተው መጡ። እሳቸውም አልሞተም አሉ። "አባቴ፣ ያን ጊዜም ከደባቂዎቹ አንዱ እርስዎ ነበሩ" አሏቸው። ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመው ወጡ።

እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ሰው መሞቱን ማስረዳት እንችላለን፤ ሥርዓት አለው፤ ሰዓት አለው፤ ልብስ አለው። አለመሞቱን የምናስረዳበት ሥርዓት የለንም።

ነሐሴ 4፣ እሁድ

ጾሙ ሸፍኖላቸዋል። ፍልሰታ ስለሆነ ባይበሉም ሰው አይጠረጥርም። እኔ ግን ትናንት ያስቀመጥኩትን ዛሬ እንደተከደነ አገኘሁት።

ባለቤቴ የሞተ ጊዜ እኒህ ሴትዮ ክረምቱን በሙሉ እኔ ቤት መሬት ላይ ተኝተዋል። ጴንጤ ስለሆንኩ የቤተሰቤ ግማሽ ደጄን አልረገጠም ነበር። "ሐዘን ሃይማኖት የለውም፤ ብርድ እንጂ" አሉና ፍራሻቸውን ይዘው መጡ። ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲህ አንሥተን አናውቅም።

ወሬ አይበቃም። ልጁ በአካል መገኘት አለበት። እንጨቴን ወደ አፋር የሚጭነው ሹፌር ኡርጂ ነገ ሎጊያ ይሄዳል። የጂቡቲ መስመር መኪና ሁሉ እዚያ ያርፋል፤ ሰው ሲጠፋ እዚያ ነው የሚጠየቀው። የሕሩይን ፎቶ ሰጠሁት። የማይስቀውን።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ኡርጂ ደወለ። ድምፁ ግራ ገብቶታል።

"እትዬ፣ አገኘሁት። ጎማዬ ተነፈሰና ጎሚስታ ቤት ገባሁ፤ ፎቶውን አውጥቼ ለጎሚስታው ባሳየው፣ ራሱ ነው!"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "ታዲያ?"

"ታዲያማ፣ እናትህ ትንሽ አሟቸዋል፣ ና አልኩት። ጎማውን ለቀቀው። 'መቼ ቀበራችኋት?' አለኝ።"

"በሕይወት አሉ በለው!"

"አልኩት እኮ! በሕይወት አሉ ባልኩት ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። ጭራሽ እኔን ማጽናናት ጀመረ። 'የላኩህ እነሱ ናቸው፤ አንተ ምን ታደርግ' ይለኛል። እትዬ፣ ምን ዓይነት ሰፈር ነው ያላችሁ?"

ስልኩን ዘግቼ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝ። እናት ልጅ ሞቷል ትላለች፤ ልጅ እናት ሞታለች ይላል። ሁለቱንም ያስተማርናቸው እኛ ነን።

ነሐሴ 11፣ እሁድ

ቀላሉ ነገር በቪዲዮ ማገናኘት ነው አልኩ። ፌበን ስልኳን ይዛ መጣች፤ ኡርጂ በሰጠኝ ቁጥር ደወለች። ሕሩይ ታየ፤ ከስቷል፤ ጺም አብቅሏል፤ ከኋላው ጎማ ተከምሯል። "እማዬ" አለ።

እትዬ ወርቄ አንድ ጊዜ ገልመጥ አድርገው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

"ባሌን ያሳቃችሁበት አንሶ፣ አሁን ልጄን ታናግሩበታላችሁ?"

"እትዬ ወርቄ፣ በእግዚአብሔር፣ ይሄ እሱ ራሱ ነው!" ፌበን ልታለቅስ ደረሰች።

"ያኔም እሱ ነው ብለሽኝ ነበር። አስቱ፣ ያን ነገር ከቤቴ አውጪልኝ። ስትወጪም በሩን ገጥመሽ ዝጊው። ስንቴ ልናገር፣ ብርድ የሚገባው በክፍተቱ ነው! ሁላችሁም በሩን እንዳገኛችሁት ትተዉታላችሁ፤ እንግዳ ማረፊያ አስመሰላችሁት!"

ፌበን ስልኩን ይዛ ወጣች፤ ተከተልኳት። በስልኩ ውስጥ ሕሩይ ፊቱን በቅባት እጁ ይዞ ያለቅሳል።

"እሷ ናት" ይላል። "የበሩ ነገር… ልጅ ሆኜም እንዲሁ ትጮህብኝ ነበር፤ እሷ ናት። በሕይወት አለች።"

መስመሩ ተቋረጠ። ግማሹ ተሳካልኝ። ልጁ አመነ፤ እናትየዋ አላመኑም።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ። ቡሄ።

ልጆቹ ጅራፋቸውን ይዘው ወጡ። እትዬ ወርቄ ደጅ ሲደርሱ አንዱ "ልቅሶ ቤት ነው፣ ዝም በሉ" አለና በሩን በጸጥታ አለፉት። አንድ ዘመን የዚህ ሰፈር የቡሄ አውራጅ ሕሩይ ነበር። ድምፁ ጎርናና ስለነበር ሳይታይ ሙልሙል ይወጣለት ነበር።

የለገጣፎው ሰውዬ ደወለ። አላነሣሁም።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ጾሙ ተፈታ። እሳቸው አልፈቱም። እንቁላል ጠብሼ ወሰድኩ። አላዩትም።

"ቀኑን ብቻ ንገሪኝ" አሉኝ። "የሞተበትን ቀን። አርባውን ልቁጠር። ሌላ አልጠይቅሽም።"

"አልሞተም፣ እትዬ ወርቄ።"

"እሺ። አንቺ በየቀኑ እዚህ የምትመጪው ለምንድን ነው?"

"መንገዴ ስለሆነ ነው።"

አዩኝ። ጉንጫቸው ገብቷል፤ ዓይናቸው ግን ያው የድሮው ነው። "ቤትሽ ታች፣ እንጨትሽ ታች። ከእኔ ቤት በላይ ያለው ጅብ ብቻ ነው። መንገድሽ በእኔ በኩል የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? አየሽ፣ አንቺም ትዋሺኛለሽ።"

እንቁላሉን ይዤ ወረድኩ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ዕቃ ቆጠርኩ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ሁለት የተለያየ ቁጥር መጣ። ተውኩት።

ነሐሴ 18፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ወጣሁ። ገና ከበሩ፣ "መንገዴ አይደለም" አልኳቸው። "ሆን ብዬ ነው የምመጣው። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ፣ እርስዎን ሳላይ የዋልኩ ቀን ቤቴ አይሞቀኝም። ፊልሞናም ታውቃለች መሰለኝ፤ እኔ ነኝ የማላወራው።"

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ከያዝኩት አጥሚት ሁለት ጊዜ ፉት አሉ።

"እንዲህ እውነት የምትናገሪ ከሆነ" አሉ፣ "ልጄስ?"

"በሕይወት አለ። ላመጣልዎት ነው።"

"አየዋለሁ" አሉ። አመንኩ አላሉም፤ አላመንኩምም አላሉም። ቀሪውን አጥሚት ሳልለምናቸው ጨረሱት።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ሕሩይ ከኡርጂ ጋር መኪና ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ደወለ። "ቀጥታ ዳገቱን እወጣለሁ፤ ማንንም አላናግርም" ይላል። መብቱ ነው። ነገ ማታ ሰንዳፋ አድረው ዓርብ ጎህ ሲቀድ ላምበረት ይደርሳሉ።

ጎህ ሲቀድ።

"ሕሩይ፣ የኔ ልጅ፣ በእኔ ሞት፣ በዚያ ሰዓት እንዳታንኳኳ" አልኩት። የሐምሌውን ነገር ሁሉ ነገርኩት።

"ታዲያ እናንተ ስንት ሰዓት ነው ደስታ የምታመጡት?" አለኝ።

"በአራት ሰዓት" አልኩት፤ አፌ ላይ እንደመጣ።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ቆጠራ፦ ቋሚ 96፣ ወራጅ 70፣ አጣና 240። በቃኝ፤ ለዚህ ሰፈር ይበቃል። የለገጣፎውን ሰውዬ ደውዬ ቦታውን ለሌላ እንዲሰጥ ነገርኩት። "እዚያ ምን አለሽ?" አለኝ። "ደንበኛ" አልኩት።

ነአምን ግሩፑ ላይ እንዲጽፍ አደረግሁ፦ ነገ እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ማንም በእትዬ ወርቄ በኩል እንዳያልፍ፤ ዳቦ ሻጩም፣ ከጎናቸው ካሉት ቤቶች ለሥራ የሚወጣውም በታችኛው መንገድ ይዙር፤ ነጠላ ለብሶ ደጅ የሚቆም እንዳይኖር። ለስብሰባ መልስ የማይሰጠው ሰው ሁሉ "እሺ" እያለ ጻፈ። ያ ሸሚዝ ለባሹ፣ ያ "ለልቅሶ ነው የመጣሁት" ያለኝ ጎረምሳ፣ ግድግዳ በደንቡ የለም ያሉት ሽማግሌ በልጅ ልጃቸው ስልክ። እስከ አሁን "እሺ" ይመጣል።

ጋሽ ከበበ ስልክ ስለሌላቸው ራሴ ሄድኩ። ጡሩምባቸውን እየወለወሉ አገኘኋቸው።

"ለደስታ አይነፋም?" አሉኝ።

"ነገ አይነፋም፣ ጋሼ። ነገ ዝም ነው።"

"እኔ ከነፋሁበት ቀን ይልቅ ዝም ያልኩበት ቀን ሊታወስልኝ ነው ማለት ነው" አሉና መልሰው ሰቀሉት።

እትዬ ወርቄ ዘንድ ማታ ደርሼ ወጣሁ። ምንም አልነገርኳቸውም። የውጭውን በር መቀርቀሪያ አየሁ፤ እንደተለመደው አልተወረወረም።

ነገ፦ ማለዳ ላምበረት፣ ሕሩይን መቀበል። እኔ ቤት ቁርስ፣ ሙቅ ውሃ ለእጁ፣ ቅባቱ እንዲለቅ። አራት ሰዓት ሲሆን ብቻውን ይወጣል፤ በፊት ለፊቱ በር። ሲገባ በሩን ገጥሞ እንዲዘጋ ንገሪው።